ዳለቻዋ የሄደችበት መስመር

ነገሌ ቦረና፣ ጥር 9 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለእስከዳር፣ ሐዋሳ

ብዕሩን የያዘችው ፍሬሰንበት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የዓብዱልወሃብ ነው። ፍሬሰንበትን እዚህ በመጣሽ ጊዜ አይተሻት ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክላ ማመልከቻ የምትጽፈው ሴት ናት። ገና አፌን ሳልከፍት «ጉዳዩ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። «አጥፊው፣ እኔ ከሳሽ አይደለሁም» አልኳት። «አባባ፣ ጉዳይ የሌለው ወረቀት የትም አይገባም» አለችኝ። «የሚገባው ሰው ቤት ነው፣ መሥሪያ ቤት አይደለም» ብዬ አሰረዝኳት። ከላይ የምታዪው ስርዝ እሱ ነው።

አካም? ናጋ? እናትሽስ፣ አባትሽስ? እኔም ባለቤቴ መሊካም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ልደውልልዎ ወይ ላልሽው፣ አትደውዪ። ጆሮዬ ግማሹን ነው የሚሰማው። በስልክ ሲሆን ደግሞ የሚያወራኝ ሁሉ የተጣላኝ ይመስለኛል። ወረቀት ይሻላል፤ ካልገባኝ ድገሚው እላታለሁ። የሻሸመኔው አውቶቡስ ረዳት ያመላልስልናል፣ የታመነ ልጅ ነው።

አንገቷ ላይ ያሰራችሁት ነገር ላሟን አቁስሏት እንደሆነ ጠይቀሻል። አላቆሰላትም። የዳለቻዋ አንገት እንደ በሬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሰማይ ጋር የሚነጋገር ቃጭል ይዤ መጣሁ ስትዪ ስቄብሻለሁ። የማይጮኽ ቃጭል ለማን ይጠቅማል? ግን ከመኪናሽ ወርደሽ መሬት ላይ ተቀመጥሽ፣ የሰጠንሽን ጠጣሽ፣ ከቀበሌው በፊት ባለቤቱን ጠየቅሽ። ሊያጠኑን የመጡት ሌሎቹ ቀበሌውን ጠይቀው ለእኛ ነገሩን እንጂ እኛን አልጠየቁም። ስለዚህ ፈቀድኩልሽ። ልጄን ነቢልንም ፊትሽ ቆሜ አዘዝኩት፤ «ይህ የሰው አደራ ነው፤ መሬት እንዳይወድቅ» ብዬ። ነቢል የታዘዘውን አይረሳም። ሲያኮርፍም አይረሳም።

ከብቱ ለምን እንደወትሮው ከተማው አካባቢ እንዳልቆየ፣ ለምን በጥድፊያ ወደ ዳዋ ወንዝ እንደወረደ ጠይቀሻል። ሐገያ የምንለው የጥቅምት ዝናብ ስለቀረ ነው። ነቢል ሊወርድ ሲል ተጨቃጭቀናል። እሱ «ገበያው ሳይወድቅ ግማሹን እንሽጥ» አለ። እኔ «ዝናብ ሲቀር ላም አይሸጥም፣ ውሃ ወዳለበት ይነዳል» አልኩት። ዝም አለ። ዝም ሲል እንደ እናቱ ነው፣ ግድግዳ ነው። በነጋታው ነዳና ሄደ። አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ይዞ ነው የወረደው፤ እኔ ስላዘዝኩት ነው የወረደው። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፣ ካርታሽ ላይ የሚጻፍ ከሆነ።

ዓብዱልወሃብ


ሐዋሳ፣ የካቲት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለተከበሩ አባባ ዓብዱልወሃብ፣ ነገሌ ቦረና

እንደምን ሰነበቱልኝ? እማማ መሊካስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤዎ ከነስርዙ ደርሶኛል። ለወይዘሮ ፍሬሰንበት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ እጅ ጽሑፋቸው ከእኔ ይበልጣል። ለመልሱ በመዘግየቴ ይቅርታ።

የአውቶቡሱ ረዳት «ሽማግሌው፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው ብለዋል» ሲል የነገረኝን ልመልስ። ማሰሪያው በየጥቂት ሰዓቱ ያለበትን ቦታ በሳተላይት ይልክልኛል። እኔ ነጥቦቹን ኮምፒውተር ላይ አያይዤ መስመር አወጣለሁ። ከመስመሩ ሥር ሌሎች ካርታዎች አነጥፋለሁ፤ ሣሩ የት ለመለመ፣ ውሃው የት አለ፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው። ጂአይኤስ የምንለው ይህ ነው፤ ካርታን በካርታ ላይ እየደረቡ ማየት። ሥራው የከብት ብቻ አይደለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ወባ የሚበዛበትን ቀበሌ በዚሁ ትፈልጋለች። አንዱ ሻኪሶ ላይ ወርቅ ሲቆፈር ወንዙ ምን ያህል እንደደፈረሰ ያያል። ሌላው ተልተሌ ላይ ቁጥቋጦው ሣሩን እያጠፋ የሄደበትን ይለካል። ዶሎ ኦዶ ላሉት ስደተኞች ድንኳን የት ይተከል፣ ውሃ በየት ይግባ የሚሉም አሉ። የእኔ ድርሻ ከብት ነው። ከብት በድርቅ የት እንደሚደርስ ከታወቀ፣ ድርቆሽ የጫነ መኪና የት መቆም እንዳለበት ይታወቃል።

ዳለቻዋ ዳዋ ዳር ናት። በደንብ ትንቀሳቀሳለች።

በረዳቱ በኩል ነቢል ደህና ነው ወይ ላሉኝ ግን የማውቀው የለም። ሳተላይቱ ማሰሪያውን እንጂ ሰው አያይም። ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም፤ እኔም ሞክሬ ነበር።

አክባሪዎ እስከዳር


ነገሌ ቦረና፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለእስከዳር፣ ሐዋሳ

ጸሐፊዋ ያችው ፍሬሰንበት ናት። አካም ጅርታ?

ወባ የምትፈልገው ጓደኛሽ እዚህ ትምጣ፣ ትንኝ አላጣንም። ወርቅ የሚያየውም ይምጣ፣ እሱን ግን አጥተናል።

ጋና የምንለው ዋናው ዝናብም እስካሁን የለም። ሰማዩ በጧት ይጠቁራል፣ ከቀትር በፊት ይጠራል። ከተማው ውስጥ የሰው ሁሉ ወሬ ከብት ነው። ከዳዋ የተመለሱ እረኞች መጥተዋል፤ አንዱ ሁለት ይዞ ገባ፣ አንዱ በትሩን ብቻ ይዞ ገባ። ነቢልን አይተሃል ወይ ብዬ የጠየቅኩት ሰው የለም፤ እኔ አልጠይቅም። መሊካ ግን ሁሉንም ትጠይቃለች። አየሁት ያለ አልተገኘም።

ልጁ እንደወጣ አንድም መልእክት አልላከም። ድሮ ሲወርድ በወተት ሻጮች ይልክ ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ስኳር ላኩ» ይል ነበር። አሁን ስኳርም አልፈለገም። አኩርፎ ከሆነ ያኩርፍ፣ ሲበቃው ይመጣል።

ሰው አያይም ብለሽኛል፣ ገብቶኛል። ግን ላሟ ካለች እሱ አለ። ዳለቻዋን ትቶ አይሄድም፤ ከጥጃዋ ጀምሮ እሱ ነው ያሳደጋት። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ ንገሪኝ፤ ላሟ ዛሬ የት ናት? ይህን የምጠይቅሽ ለመሊካ ነው። እኔ እንቅልፍ አላጣሁም።

«አጥተዋል እንጂ» ትላለች ፍሬሰንበት። አትጻፊው ብያት ጻፈችው።

ዓብዱልወሃብ


ሐዋሳ፣ ግንቦት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለተከበሩ አባባ ዓብዱልወሃብ፣ ነገሌ ቦረና

እንደምን ከረሙልኝ? ቀደም ብዬ ያልጻፍኩት ደስ የማይል ነገር እንዳይሆን ፈርቼ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ማሰሪያው ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ነበር። ባትሪው አልቋል ወይም ላሟ ሞታለች ብዬ ነበር። አላስጨንቅዎም ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ግን የምሥራች አለኝ። ዳለቻዋ ተነሥታለች። እየሄደች ነው፤ ያውም በብርታት። ከዳዋ ወጥታ ወደ ምሥራቅ አቅንታ ትናንት ዶሎ ኦዶ አጠገብ ደርሳለች። ማሰሪያ ካሰርንላቸው የሌሎች ሰዎች ከብቶች መካከል ይህን ያህል የሄደ የለም። መምህሬ ሳይቀር «ይህቺ ምን ዓይነት ላም ናት?» አለኝ። ጥናቱ ላይ ለብቻዋ ክፍል ልሰጣት አስቤያለሁ።

ላሟ ካለች እሱ አለ ብለውኛልና፣ ለእማማ መሊካ ይንገሩልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ዶሎ በኩል ዘመድ አላችሁ? ለምን ወደዚያ እንደሄደ ገብቶኝ እንድጽፈው ነው።

አክባሪዎ እስከዳር


ነገሌ ቦረና፣ ግንቦት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለእስከዳር፣ ሐዋሳ

ፍሬሰንበት ትጽፋለች። ሰላምታውን ዛሬ ተይው ብያታለሁ።

ዶሎ ዘመድ የለንም።

ደብዳቤሽ ሲነበብ ደላላው አቡሽ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ የከብት ተራው አቡሽ፣ ጆሮው የማይደርስበት የለም። ፉጨቱን ለቀቀና «አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ ነጋዴ ሆነ» አለኝ። «ምን ማለትህ ነው?» አልኩት። «ዶሎ ማዶ ድንበር ነው። ከዚህ ከብት ነድቶ ዶሎ የሚገባ ሰው ሶላት ሊሰግድ ነው የሚሄደው? ያው ሽጡ ብሎዎት አልነበር፣ እንቢ ሲሉት ራሱ ሸጠው» አለ። በከዘራዬ ልለው ስል ፍሬሰንበት ጃንጥላዋን መሃል አስገባች። ግን ውሸት አልተናገረም። ከነገሌ ዶሎ የሚነዳ ከብት ይሸጣል፣ ይሻገራል፣ ሌላ ጉዳይ የለውም።

በእኛ ዘንድ ሕግ አለ፤ አንቺ ጥናትሽ ውስጥ አላስገባሽው ይሆናል። የአባቱን ከብት ይዞ የወረደ ልጅ ከብቱ ሲሞትበት ይገፍፋል። ቆዳውን፣ ጆሮውንም ከነምልክቱ ይዞ ይገባል። ቆዳው ግቢ ይነጠፋል፣ ሽማግሌ ያያል፣ አላህ ሰጠ አላህ ወሰደ ይባላል፣ ልጁ ገብቶ ይበላል። አንድም ከብት ሳይተርፍ የመጣ ልጅ እንኳ እንዲህ ይገባል፣ አያፍርም። ከብትም ቆዳም የሌለው ልጅ ግን ሸጧል። የሸጠ ልጅ በዚያ በር አይገባም። ይህን እኔ አላወጣሁትም፣ ለእኔም ለወንድሞቼም የነበረ ነው።

ስለዚህ ነቢል የሚባለው ሰው

እዚህ ላይ ባዶ ቦታ ታያለሽ። የተናገርኩትን አልጽፍም ብላ ብዕሯን አስቀመጠች። «ለምን?» አልኳት። «አባት በልጁ ላይ ሲያስጽፈኝ ስንቱን ጽፌያለሁ። በኋላ ሁሉም ይመጣና ሰርዢልኝ ይለኛል። የተላከ ወረቀት ደግሞ አይሰረዝም» አለች። «የሚከፍልሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «የአንቱን ቀለም ለሌላ ነገር አቆይልዎታለሁ» አለች። ደፋር ናት። ባዶውን ቦታ ግን አንቺ ሞልተሽ ታነቢዋለሽ፣ ልጅ አይደለሽም።

ላሟን ከካርታሽ አውጫት። ክፍል አትስጫት። የእኔ አይደለችም።

ዓብዱልወሃብ


ነገሌ ቦረና፣ ሐምሌ 11 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለእስከዳር፣ ሐዋሳ

እጁ የፍሬሰንበት ነው። አካም? ናጋ?

በመሃል የላክሻቸው ሁለት ወረቀቶች ደርሰውኛል። አልመለስኩም፤ ንዴት ላይ ነበርኩ። በመጨረሻው «አካሄዷ እንግዳ ሆኖብኛል፣ እባክዎ ሰው ልከው ያጣሩ» ብለሽ ለምነሻል። አልላክሁም። የላከችው መሊካ ናት፤ ከጀርባዬ። ካስጻፍኩት ደብዳቤ ወዲህ ሳህኑን ታቀርብልኛለች እንጂ ቃል አትሰጠኝም ነበር፣ ለካ ሥራ ላይ ናት።

የላከችው አምሀን ነው። አምሀ የጎረቤቶቻችን የእነ የዓለምወርቅ ልጅ ነው፤ ከነቢል ጋር አንድ ግቢ ያደገ። አሁን ለዶሎ ስደተኞች ዱቄት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳል። ትናንት ከነአቧራው ገባ።

«ላሟን አገኘሃት?» አልኩት።

«ላም አላገኘሁም አባባ። ግመል አገኘሁ።»

«ግመል ማን ጠየቀህ?»

«ቃጭሉን ያደረገው እሱ ነዋ! የእስከዳርን ማሰሪያ አንገቱ ላይ አድርጎ የሰው እሾህ ይበላል።»

የሰማሁትን እንደሰማሁ ላስጽፍልሽ። ግመሉ የአንዲት ዘቢባ የምትባል ሴት ንብረት ነው፤ ለስደተኛው መንደር የግመል ወተት የምትሸጥ ናት። አምሀ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ሲላት ሌባ ያላት መስሏት ጮኸችበት። ኋላ የነቢልን ስም ሲጠራ ተረጋግታ ነገረችው። ወደ ምሥራቅ ስንፈልስ ከዳዋ በላይ ባለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ላይ አገኘሁት አለች። ብቻውን ነው። ከብት የለም። ቆዳውን የተሸከመው አህያም ስለሞተ ቆዳዎቹን መንገድ ጥሏቸው መጥቷል። እጁ ላይ የነበረው ያ ማሰሪያ ብቻ ነው፤ ከመጨረሻዋ ላም አንገት ፈቶት። ውሃ ሰጡት፣ ወተት ሰጡት። ሊለያዩ ሲል ማሰሪያውን አምጥቶ ግመሏ አንገት ላይ አሰረላት። «የሰው አደራ ነው፣ መሬት እንዳይወድቅ ተብያለሁ። ከእኔ ጋር ከሆነ አንድ ቀን እጥለዋለሁ፤ የሚሄድ ነገር አንገት ላይ ይዋል። ባለቤቷ ሐዋሳ ናት፣ ስትፈልገው ታገኘዋለች» አላት። ወደ አባትህ አትሄድም ወይ ብትለው «አባቴ ቆዳ ይጠይቀኛል» አለ። ከዚያ መንገድ ወጥቶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ላይ ተሳፈረ። ሻኪሶ፣ ወርቅ ቁፋሮ።

እንግዲህ አንቺ ስትደሰቺባት የነበረችው ብርቱ ላም ግመል ናት። አትናደጂ። እኔም ተታልያለሁ፣ የእኔ መታለል ከአንቺ ይብሳል።

አሁን የምልሽን ስሚ። እኔ ዘቢባን አምኛታለሁ። ሽማግሌ ግን አያምናትም። «ወተት ሻጭ ነገረችው፣ ሹፌር ሰማ፣ እናት ላከች» ይሉኛል። ነቢል በወሬ እንዲገባ አልፈልግም። በወሬ የገባ ልጅ ዕድሜውን ሁሉ አቡሽ ያፏጭበታል። በሙሉ ፊቱ ይግባ፣ ካልሆነ ይቅር።

ስለዚህ መስመሩን መልሰሽ እይልኝ። ግመሉን አይደለም፤ ከግመሉ በፊት ያለውን። ላሟ የት የት ዋለች? ገበያ ገብታለች ወይስ አልገባችም? መንገድ ዳር ቆማለች? የሆነውን ንገሪኝ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ አንድ ነጥብ ብታነሺ ወይ ብትጨምሪ አላህ ይጠይቅሽ። ሸጦ ከሆነም ጻፊው፤ ፍሬሰንበት ታነብልኛለች፣ እኔ እችለዋለሁ።

ዓብዱልወሃብ


ሐዋሳ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለተከበሩ አባባ ዓብዱልወሃብ፣ ነገሌ ቦረና

እንደምን ሰነበቱልኝ?

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማሰሪያው ቆሞ እንደነበር ወዲያው ብነግርዎ ኖሮ በነቢል ላይ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ደስ የሚለው ነገር ሲመጣ ሮጬ ጻፍኩልዎ፤ የሚያስፈራውን ግን ደበቅኩ። አካሄዱ ሲቀየርም ላም እንዲህ ትሄዳለች ወይ ብዬ መጠራጠር ሲገባኝ ስለወደድኩት አመንኩት።

መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አይቼዋለሁ። ከሥሩ የሣሩን ካርታ አነጠፍኩ፤ ሳተላይቱ በየሳምንቱ ያነሣውን። ያየሁት ይህ ነው። ሣሩ ወደ ሸሸበት መስመሩ ይከተላል። አንዱ ሸለቆ ሲደርቅ ገና አረንጓዴ ወዳለበት ወደሚቀጥለው ይዞራል፤ እሱም ሲደርቅ ወደ ሌላው። ካርታው ላይ ያልነካው አረንጓዴ አላገኘሁም። በየዕለቱ ከሣሩ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ይመለሳል። እየቆየ ምልልሱ ያጥራል። በመጨረሻ ውሃ አጠገብ ይቀራል።

ከዚያ ነጥቦቹ አንድ ቦታ ላይ ይከመራሉ። ለቀናት እዚያው ነው። የእኔ ማሽን «ቆሟል» ያለኝ ያንን ነው። ከዚያ በኋላ በሰው እርምጃ ቀስ እያለ እስከ ጉድጓዱ ይሄዳል፤ ይህ ነቢል በእጁ ይዞት ይመስለኛል። ከጉድጓዱ ወዲያ የግመሉ ነው።

ከጉድጓዱ በፊት ባለው መስመር አንድም ቦታ ከተማ አልገባም። የመኪና መንገድም አልነካም።

እውነቱን ብቻ ብለውኛልና ይህንንም እጽፋለሁ። ማሰሪያው አንዲት ላም ላይ ነበር። የምመሰክረው ለእሷ ብቻ ነው። ሌሎቹ ላሞች የት እንደደረሱ ካርታው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።

መስመሩን ከነሣሩ ትልቅ ወረቀት ላይ አሳትሜ በአውቶቡሱ ልኬያለሁ። እንዳይታጠፍ ብዬ በቧንቧ ውስጥ አድርጌዋለሁ፣ ረዳቱ ጠመንጃ ነው ወይ ብሎኛል። ከጥናቴ የግመሉን ክፍል አውጥቻለሁ። የዳለቻዋን ግን አላወጣሁም፤ አውጫት ያሉኝን እንዳልሰማሁ ይቁጠሩልኝ።

አክባሪዎ እስከዳር


ነገሌ ቦረና፣ መስከረም 18 ቀን 2004 ዓ.ም.
ለነቢል ዓብዱልወሃብ፣ ሻኪሶ

ይህን የምትጽፈው ፍሬሰንበት ናት፤ ማመልከቻ ጸሐፊዋ፣ ታውቃታለህ። ዛሬ ጃንጥላዋ ሥር አይደለንም፣ ቤት ድረስ አስመጥቻት በረንዳው ላይ ነን። የሰው ጆሮ በዝቷል።

አካም ጅርታ? ጉድጓድ ትገባለህ አሉኝ። አፈሩ ይናዳል ይባላል። ራስህን ጠብቅ።

አምሀ ሄዶ አግኝቶህ «ና» ሲልህ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብለህ ልከህብኛል። ምንም አትያዝ። ቆዳው መጥቷል።

እንዴት መጣ ትል ይሆናል። እስከዳር አንተ የሄድክበትን ሁሉ ወረቀት ላይ አውጥታ ላከችው። ትልቅ ነው፣ የወይፈን ቆዳ ያህላል። ዓርብ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ ግቢው መሃል፣ ቆዳ የሚነጠፍበት ቦታ ላይ አነጠፍኩት። አራት ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ አስቀመጥን፣ ነፋስ ነበር። መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ዓብዱልወሃብ፣ ወረቀት ተገፈፈ ወይ?» ያለ አለ። ፍሬሰንበት የልጅቷን ደብዳቤ ቆማ አነበበች፣ ጮክ ብላ፣ እንደ ፍርድ ቤት።

ከዚያ ጎንበስ አሉ። ወረቀቱ ላይ የቦታ ስም የለም፣ መስመር ብቻ ነው። ስሙን እነሱ አወጡለት። «ይህ መታጠፊያ ጥቁር ድንጋዩ ጋ ነው።» «የለም፣ ከእሱ በታች ነው፣ ወንዙን አየው።» ሁለቱ ሊጣሉ ደረሱ። ሁሉም ከብት ነድቶበት ያደገ አገር ነው፤ በከዘራ እየነኩ እስከ መጨረሻው ተከተሉህ። አንዱ ሸለቆ ላይ ሲደርሱ ትልቁ ሽማግሌ «እዚህ ሣር መኖሩን ማን ነገረው? እኔ ለልጆቼም አልነገርኩም» አለ።

ክርክር አልቀረም። «ይህ የአንዲት ላም ነው፣ የሌሎቹስ?» አለ አንዱ። ፍሬሰንበት «እሱንማ ልጅቷ ራሷ ጽፋዋለች» ብላ ያንን ቦታ ደገመችው፤ ለሌሎቹ አልመሰክርም የሚለውን። ሰውየው ሳቀ። «በራሱ ላይ የሚመሰክር ወረቀት ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

አቡሽም ነበር። አልጠራሁትም፣ መጣ። ወረቀቱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ጣቱን መስመሩ ላይ እየነዳ ሄደ። «እዚህ ገበያ የለም» ይላል። «እዚህም የለም። እዚህ አንድ ጊዜ ነበር፣ ከተዘጋ ቆየ።» ጨርሶ ተነሣና ሱሪውን አራገፈ። «እኔ ደላላ ነኝ፤ ሰው ደብቆ የሚሸጥበትን ስፍራ ሁሉ አውቀዋለሁ። ይህ ልጅ አልሸጠም» አለ። ወደ እኔ ዞሮ «ያልኩትን መልሻለሁ፣ ከዘራዎን ያስቀምጡት» አለኝ። አላስቀመጥኩትም፤ ግን ውሃ አስጠጣሁት።

በመጨረሻ ነጥቦቹ የተከመሩበት ቦታ ደረሱ። እንደ ጉንዳን ቤት ጥቁር ነው። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን እዚያ ላይ አቁሞ «እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ዳለቻዋ ትሞታለች» አልኩት። «እሱ ይጠብቃታል።»

ነፋሱ ወረቀቱን ያንኳኳል። ከዚያ ሽማግሌው «ሊሸጥ የወጣ ሰው የምትሞት ላም ሥር አይቀመጥም። ሌሎቹንም እንደዚሁ ጠብቆ ነው የገፈፋቸው» አለና እጁን ዘረጋ። ዱዓ ተደረገ። አላህ ሰጠ አላህ ወሰደ ተባለ። በእኛ ሕግ አልቋል፤ አንተ ከሌላው ልጅ አታንስም። ማንም አፉን አይከፍትብህም፣ የከፈተ ከእኔ ጋር ነው።

እኔ ስላንተ ያልኩትን አምሀ ነግሮህ ይሆናል። ብዬዋለሁ፣ አልክድም። ፍሬሰንበት አልጻፈችውም።

ስለመሸጡ ነገር አሸነፍኩ ብለህ እንዳታስብ። ስትመጣ እንከራከራለን። በጥቅምት ብንሸጥ ኖሮ ገንዘቡን በልተን ዛሬ ያው ባዶ እንሆን ነበር የሚል አሳብ አለኝ። አንተም አሳብህን ይዘህ ና። ደግሞ በመኪናው መስኮት እያየህ አስበህ ጨርሰህ ግባ እንጂ በር ላይ ቆመህ ዝም አትበልብኝ።

አደራውን በተመለከተ ልጅቷ ራሷ ከዘቢባ ተቀብላዋለች። ግመሉ ሲፈታበት እንደተናደደ ጽፋልኛለች። መሬት አልወደቀም። ያዘዝኩህን ፈጽመሃል።

ከሻኪሶ ክብረ መንግሥት ውጣ፣ ከዚያ የነገሌው መኪና በጧት ይነሣል። በሩ ክፍት ነው። ደመና አለ፤ ከዘነበ የዓለምወርቅ ሁለት ጊደር ለእርባታ ልስጣችሁ ብላለች። ከብት እንደገና በሁለት ነው የሚጀመረው፣ እኔም በሁለት ነው የጀመርኩት።

ሌላ የምለው የለኝም። ፍሬሰንበት፣ በቃ። አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ እናቱ ከበሩ ጀርባ ቆማለች።